ብርሃን አይወጣውም ያልሁት ካሜራ

ያለፈው ክረምት ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው የደረሰብኝን ነገር ለሰው ማውራት የጀመርሁት በቅርቡ ነው። ነጋዴ አፍሮ የዋለበትን ቀን ቶሎ አያወራም። አሁንም አንድ ደንበኛ «ይኼ ካሜራ ጨለማ ላይ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ልቤ ድንግጥ ይላል።

ባሕር ዳር ውስጥ ያገለገሉ ካሜራዎች እሸጣለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ላይ ቆሟል፤ ካሜራ የተማርሁት ሰዎች ተበላሸ ብለው የሚያመጡልኝን እየፈታሁ ነው። አንዳንዱን መልሼ መግጠም ችያለሁ።

አንድ ጠዋት የኔታ ኅሩይ ሱቄ መጡ። ከሐይቁ ማዶ ባለች አንዲት ገዳም ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። የገዳሟ አንድ የብራና መጽሐፍ በእርጥበት ፊደሉ እየለቀቀ ነው፤ ሳይጠፋ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተው ለማስቀረት ፈልገዋል። በስልክ ሞክረውታል። «ፊደሉ እንደ ጉንዳን ተርመሰመሰብኝ» አሉኝ።

ችግሩ መጽሐፉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አይወጣም። ውስጡ ጨለማ ነው። ቀለሙን ይጎዳል ተብሎ ፍላሽ ክልክል ነው። ሌንሱን በእጅ እያዞሩ እንዳያጠሩት ደግሞ የኔታ ዐይናቸው ደክሟል። ስለዚህ ካሜራው ራሱ፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ ፊደሉን ፈልጎ ፎከስ መያዝ አለበት።

ሦስት ካሜራዎች ነበሩኝ። «ሦስቱም ይይዛሉ» አልኋቸው።

«ከራሳቸው ብርሃን አይወጣቸውም?»

«የኔታ፣ ፍላሹን ካጠፋሁት ከየት ይወጣል? አንዲት ፍንጣሪ ብትወጣ እኔ ልጠየቅ።»

የኔታ ቅኔ እንደሚፈታ ሰው ፊቴን ትንሽ አዩት። «እንግዲያው ሦስቱንም ይዘህ ና። የምገዛው በሚሠራበት ቤት ሲሠራ አይቼ ነው» አሉ።

በማግስቱ ጀልባ ተሳፈርን። ሐይቁ ሞልቶ ደፍርሷል። ካሜራዎቹን በፌስታል ጠቅልዬ ከነቦርሳው አቅፌያቸዋለሁ። ባለጀልባው ሰይድ አየኝና «ክርስትና ልታስነሳው ነው እንዴ? ስሙን ማን አልኸው?» አለኝ። የኔታ ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ደሳለኝ፣ ከዚህ ቀደም አንድ እንግዳ ፍላሽ አብርቶባቸው ቄሰ ገበዙ ካሜራ የሚባል አያስገቡም ነበር። አሁን እሺ ያሉት በእኔ ቃል ነው። ብርሃን ቢታይ ሁለተኛ ያንን መጽሐፍ አልነካም ብዬ ነው ያስፈቀድሁ። እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልሁ።

ከዚያ ወዲያ ግን እርግጠኝነቴ እያነሰ ሄደ። ሦስቱን ካሜራዎች የሞከርኋቸው ሱቄ በር ላይ ቆሜ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የፀጉር ቤት ማስታወቂያ እያነጣጠርሁ ነበር። በዚያ ፀሐይ የማይይዝ ካሜራ የለም። ሞገዱ ጀልባዋን ባነሳት ቁጥር ይኸው ሐሳብ አብሮ ይነሳብኛል። ልናገር እልና እተወዋለሁ።

ጫማ አውልቀን ገባን። ቄሰ ገበዙ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው። መጽሐፉን አትሮንሱ ላይ ዘርግተው ገጹን በአንድ እጃቸው ይዘው ቆሙ። ብርሃን የሚባለው ገርበብ ካለው በር የሚገባው ብቻ ነው፤ እሱም እኛ ዘንድ ሲደርስ አልቋል።

የመጀመሪያውን ካሜራ አነጣጠርሁ። ሌንሱ ዝዝ ብሎ ወደ ፊት ሄደ፣ ዝዝ ብሎ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። አልያዘም። በዚያ ፀጥታ ድምፁ ወፍጮ መሰለኝ።

«ምን ጠፍቶት ነው የሚፈልገው?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ፊደሉን ነው አባ።»

«ፊደሉማ እዚሁ ነው።»

ሁለተኛው ያዝሁ ለማለት ቶሎ ጢጥ አለ። ፎቶውን ስናየው ግን የያዘው የቄሰ ገበዙን የነጠላ ጥለት ነው። ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል፤ ፊደሉ ጉም ነው።

ሦስተኛው የምመካበት ነው፤ ከሁሉም አዲሱ። ቁልፉን እስከ ግማሽ ጫን አደረግሁት።

ከሌንሱ ጎን ብርሃን ወጣ። ፍላሽ አይደለም። አተር የምታህል መብራት ናት፤ ሲጨልም ፎከሱን እንድታግዝ የተሠራች። ፀሐይ ላይ ስለማትበራ አንድም ቀን በርታ አይቻት አላውቅም። ብርሃኗ ሄዶ ብራናው ላይ፣ የቄሰ ገበዙ ጣቶች ላይ ዐረፈ።

ጣቴን ሳነሳ ጠፋች። ቄሰ ገበዙ መጽሐፉን ከደኑት።

የኔታን አየኋቸው። ዐይናቸው የተከደነው መጽሐፍ ላይ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በእኛ ንግድ ለዚህ የሚሆን መልስ አይጠፋም። ከበሩ የገባ ፀሐይ ነው ይባላል፤ ባትሪው ነው ይባላል። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። መልሼ ዋጥሁት።

«አባ፣ የኔታ አላታለሉዎትም» አልሁ። «መብራት እንዳለው አላውቅም ነበር። ሳላውቅ ግን አውቃለሁ ብያቸዋለሁ። የሞከርሁት ፀሐይ ላይ ነው።»

ቄሰ ገበዙ ወደ እኔ ዞሩ። «ይኸን ለእሳቸው ጀልባ ላይ ብትነግራቸው ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ዐይኔን ካሜራው ላይ ጣልሁ፤ እሳቸውም አዩት።

«ማጥፊያ አለው?»

«ሳይኖረው አይቀርም። የት እንደሆነ አላውቅም።» በአንድ ቀን ይህን ያህል ጊዜ አላውቅም ብዬ አላውቅም።

ቄሰ ገበዙ ከተቃጠለ የጧፍ ቁራጭ ሰም ቆረሱ። በጣታቸው ሲያሹት ከጥላሸቱ ጋር ጠቆረ። «የቷ ናት?» አሉ። አሳየኋቸው። ሰሙን መብራቷ ላይ ለጥፈው በአውራ ጣታቸው ደፈኑት። ከዚያ መዳፋቸውን ከሌንሱ ፊት ዘረጉ። «መጀመሪያ በእኔ እጅ ላይ።»

ጫንሁት። መዳፋቸው ላይ ምንም አልወደቀም። ሁለቴ፣ ሦስቴ አስደገሙኝ። ከዚያ መጽሐፉን ገለጡት።

ያለ መብራቷ ካሜራው ተቸገረ፤ ሄደ፣ ተመለሰ። ካሜራው ፎከስ ከሚይዝባቸው ነጥቦች የመካከለኛዋን ብቻ መርጬ፣ ቀዩና ጥቁሩ ቀለም የሚገናኙበት ቦታ ላይ አደረግኋት። ሌንሱ እንደገና ሄደ፣ አመነታ፣ ቆመ። ጢጥ አለ።

የኔታ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብለው ከፎቶው ማንበብ ጀመሩ። አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር። ሦስተኛው ላይ ቄሰ ገበዙ መጽሐፉን ሳያዩ በቃላቸው ተቀበሏቸው።

ካሜራውን የኔታ ሰሙ እንደተለጠፈበት ወሰዱት። መጽሐፉን ፎቶ እያነሱ ነው፤ ከግማሽ አልፈዋል። ያን ቀን ስንመለስ፣ ከጀልባ ከወረድን በኋላ «እዚያ ባትናገር ኖሮ ካንተ አልገዛም ነበር» አሉኝ።

«ቢሠራም?»

«ቢሠራም።»

ዛሬ ካሜራ ስሸጥ ከሱቄ ጀርባ ያለችውን የዕቃ ክፍል አጨልሜ ደንበኛውን ይዤው እገባለሁ። አንዳንዱ ምን ሊያደርገኝ ነው ብሎ በር ላይ ይቀራል። ያላየሁትን ሲጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ፤ ጎረቤቴ ያለው ካሜራ ሻጭ ሁሉን ስለሚያውቅ ወደ እሱ የሚሄድ አለ። ይሂድ። ቁልፉን ስጫን ግን እስካሁን ካሜራውን አላይም። ትንፋሼን ይዤ የማየው ግድግዳውን ነው፤ ብርሃን ይወድቅበት እንደሆነ።