አባቴን መንገድ ያሻገረችው ልጄ

ትናንት ጠዋት አባቴ ከዲላ መጣ... ሊጠይቀን እንዳይመስላችሁ። ልጄን ሊወስዳት ነው።

ነገሩን በስልክ ነው የጀመረው። «ልጅቷ ሰው አገር ባክና ልትቀር ነው፤ እኔ ዘንድ ትምጣና አገሯን እያወቀች ትማር» ይላል። እኔ ደግሞ «እሺ አባባ፣ እናያለን» እላለሁ። አባቴን ፊት ለፊት እምቢ ያለ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

ልጄ ሂክማ ስድስት ዓመቷ ነው። የተወለደችው እዚሁ ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል ነው። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ ታወራለች፤ ስትቆጣ ግን ስዋሂሊ ነው። ሰው አገር እንዳለች የነገራት የለም፤ ብነግራትም አታምነኝም።

ድንበሩ ላይ ሄደን ተቀበልነው። አባቴ ዕድሜ ልኩን አይሱዙ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ወጥቶም ቢሆን ከሱ በላይ መንገድ የሚያውቅ ያለ አይመስለውም። ሂክማን አገላብጦ ስሞ እንዳበቃ ወደ እኔ ዞረ።

«በይ ልብሷን አዘጋጂ። ነገ ይዣት እሄዳለሁ።»

«ቤት ገብተን እንነጋገር አባባ» አልኩና ቦርሳውን ተቀበልኩት።

ዋናውን መንገድ ልንሻገር ስንል አባቴ እንደ ልማዱ ወደ ግራ አየ። ባዶ ነው። ደረቱን ነፍቶ ገባ... ኬንያ ውስጥ መኪና ግራውን ይዞ እንደሚሄድ ጭንቅላቱ ያውቃል፣ እግሩ ግን አያውቅም። ቦዳቦዳው፣ ማለትም ሰው የሚያመላልሰው ሞተር፣ ከቀኝ በኩል እየከነፈ መጣ!

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሂክማ ግን የአያቷን ኮት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችው። ሞተሩ አፍንጫው ስር ሽው ብሎ አለፈ።

አባቴ ባለሞተሩን ሊሳደብ አፉን ሲከፍት ሂክማ ቀደመችው። ወገቧን ይዛ ፊቱ ተገተረች።

«ባቡ! ትምህርት ቤት አላስተማሩህም?» ባቡ የምትለው አያቷን ነው፤ እዚህ አያት የሚጠራው እንደዚያ ነው።

«ምኑን?»

«መጀመሪያ ወደ ቀኝ! ከዚያ ወደ ግራ! ከዚያ እንደገና ወደ ቀኝ!»

«እኔን... እኔን ነው መንገድ የምታስተምሪው? እኔ እኮ ሹፌር ነኝ!»

«ሹፌር ከሆንክ ለምን አታይም?»

ሳቄን በሻሼ ጫፍ አፈንኩት።

«እጅህን ስጠኝ» አለችው። አባቴ ግራ ቀኝ አየ፤ የሚያየው ሰው እንዳለ ለማጣራት ነው። ከዚያ... ሰጣት!

እስከ ቤት ድረስ አልለቀቀችውም። ወተት ሻጮቹንም፣ ባለሞተሮቹንም እያስቆመች «ሁዩ ኒ ባቡ ያንጉ፣ ሃጁዊ ሞያሌ!» ትላለች። አያቴ ነው፣ ሞያሌን አያውቅም ማለቷ ነው።

«ምን እያለች ነው?» አለኝ አባቴ።

«እያመሰገነችህ ነው።»

ምሳ ላይ የልብሱን ነገር ያነሳል ብዬ ጠበቅኩ። ወሬ ያነሳችው ግን ሂክማ ሆነች።

«ባቡ፣ እናንተ አገር ማን ያሻግርሃል?»

«ማንም።»

ማኘኳን አቆመች። እውነትም አሳዝኗታል። «ታዲያ እዚሁ ቅር። እኔ አሻግርሃለሁ።»

አባቴ ውሃ ጠጣና ደክሞኛል ብሎ ጋደም አለ።

ዛሬ ጠዋት ልንሸኘው ወጣን። ተውኩት ስላላለ ልብሷን አጣጥፌ በቦርሳ ይዣለሁ። ወደ ኢትዮጵያው በኩል እንደተሻገርን ሂክማ አለቃ ሆና ከፊት ቀደመች። ወደ ቀኝ አየች፣ ባዶ ነው፣ ገባች። ባጃጁ ከግራ መጣ!

አባቴ በሹራቧ አንገት ይዞ መለሳት።

«እኔ እኮ ወደ ቀኝ አይቻለሁ!» አለች፤ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ።

«አውቃለሁ እናቴ። አንቺ አላጠፋሽም። እዚህ በግራ በኩል ነው የሚመጣው» አለና ጎንበስ ብሎ እንባዋን ጠረገላት። «አሁን ተራው የኔ ነው። እጅሽን ስጪኝ።»

አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ የልብሷን ቦርሳ ከእጄ ወሰደ። ከፈት አድርጎ አየው፣ ዘጋውና መልሶ አሸከመኝ።

«ትምህርት ሲዘጋ አምጪልኝ። እስከዚያ አገሯ ትቆይ» አለኝ።

አገሯ አለ... አባቴ!

አውቶቡሱ ሲነሳ ሂክማ «ባቡ፣ ስትወርድ ወደ ግራ ማየት እንዳትረሳ!» እያለች ትጮሃለች። እኔ እንባና ሳቅ ተደባልቆብኛል።

ስንመለስ መንገዱ ዳር ቆሜ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ስል «ማሚ፣ ምን ጠፋሽ?» አለችኝ።

ምንም አልጠፋኝም ልጄ... ሁለት አገር ያለው ሰው አንገቱ አያርፍም እንጂ።