የሌለችው ዋርካ

ሽማግሌው እሁድ ጠዋት፣ መኪናና ሰው ሳይገባ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው ብቅ ይላሉ። የኮታቸው ክርን ተጥፏል። የድሮናቸውን ባትሪ ብርድ እንዳያደክመው ብብታቸው ውስጥ ይዘውት ነው የሚመጡት። ሣር ነጭተው፣ በትነው፣ ነፋሱን ያያሉ። ከዚያ ድሮኗን ያስነሱና ካሜራዋን ወደ አሮጌው የግንብ በር አነጣጥረው ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ያበሯታል። ሜዳው መሃል ላይ ስትደርስ ግን ሁልጊዜ ጠምዘዝ ያደርጓታል።

የማቆሚያው ጥበቃ ዛሬ አላስቻለውም። «አባባ፣ ሜዳው ባዶ ነው እኮ። ምኑን ነው የሚሸሹት?»

«ዋርካዋን ነዋ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ። «ልጆቼ ሥሯ ነው ያደጉት። ቅርንጫፏ ሰፊ ነው፤ ወደ ኋላ ሲበር ደግሞ አይታይም።»

ድሮኗን አጣጥፈው ሄዱ። ጥበቃው ለመኪኖቹ በሩን ሊከፍት ሜዳውን ሲያቋርጥ፣ መሃል ላይ ሳይታወቀው ዞር ብሎ አለፈ።