ባና ይዤ ምጽዋ ወረድሁ

ያን ቀን በግቢው ውስጥ የነበርነው እኔ፣ አምስት ወር ያልሞላው ልጄ፣ ባለቤቴ፣ ከባለቤቴ ጋር ወደብ የሚሠራ አንድ የመርሐቤቴ ሰው፣ ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤታችንና አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት እናቷ ነበርን። ሌላ ሰው አልነበረም። የጎረቤታችን ነጭ ፍየልም ነበረች፤ እሷ ግን አትመሰክርም።

ባለቤቴ በምጽዋ ወደብ መጋዘን ውስጥ ከመርከብ የሚወርደውን ከረጢት ይመዘግብ ነበር። ልጁ ሲወለድም ክርስትና ሲነሣም አልነበረም። ሰኔ ሲገባ፣ ፈቃድ ስለ ከለከሉት፣ ልጁን ይዤለት እንድመጣ ላከብኝ። እናቴ በክረምት መግቢያ ሕፃን ይዞ መንገድ መውጣት እግዜርን መፈታተን ነው ብላ ተቆጣች። እኔም የፈራሁት ብርዱን ነበር። በእኛ በመንዝ፣ በሞላሌ፣ ሰኔ ማለት ጉሙ ከደጅ ገብቶ ከእሳቱ አጠገብ የሚቀመጥበት ወር ነው። ባሕር አይቼ አላውቅም። ውኃ የማውቀው ወንዛችንን ነው፤ ጠዋት ወንዝ የወረደች ሴት ጣቷ ደንዝዞ እንስራዋን ማዘል ያቅታታል። ስለዚህ አንድ ወንዝ ይህን ያህል ከቀዘቀዘ፣ ዙሪያዋን በውኃ የተከበበች ከተማማ ምን ልትሆን ነው ብዬ አሰብሁ። ከገዛ በጎቻችን ጠጉር ፈትዬ ያሠራሁትን ባና፣ ለልጁ የሱፍ ቆብ፣ ለእርግብግቢቱም የሚሆን ቅቤ በቅል ይዤ ተነሣሁ።

እስከ ጣርማ በር በበቅሎ፣ ከዚያ እስከ አስመራ በአውቶብስ፣ ከአስመራ ወደ ታች በባቡር ሄድን። ባቡሩ በወረደ ቁጥር ሰዉ አንድ አንድ ልብስ ያወልቃል። እኔ ግን ባናውን አጠበቅሁት። ሕፃን የሚታመመው አየር ሲለዋወጥበት ነው ሲባል ሰምቻለሁና።

ምጽዋ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ባሕሩን አይደለም፤ ተራራውን ነው። ውኃው በግራም በቀኝም በፊትም ሞልቶ ሳለ ዞር ብዬ የወረድሁበትን ተራራ ቀና ብዬ አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ አገር ቁልቁል ስመለከት ኖሬ ተራራን ከእግሩ ሥር ሆኜ ማየቴ አሳፈረኝ። ለምን እንዳሳፈረኝ አላውቅም።

ባለቤቴን ተከትሎ ሊቀበለን የመጣው የመርሐቤቴ ሰው ባናውን ባየ ጊዜ ሳቀ።

«እመቤቴ፣ መንዜ ሲኦል ቢወርድም በርኖሱን አይጥልም የሚሉት እውነት ነው ለካ» አለኝ።

«የመርሐቤቴ ሰውማ ቆለኛ ነው፤ ሲኦሉን ከወዲሁ ለምዶታል» አልሁት።

ባለቤቴ ልጁን ታቅፎ ሳቀ። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጎረቤታችን በዕድሜ እኔን አሥር ዓመት ያህል የምትበልጥ እስላም ሴት ነበረች። ሰሌን እየሠራች ትሸጣለች። አማርኛ የለመደችው ከወደብ ሠራተኞች ሚስቶች ነው። በየጠዋቱ በደጃፌ ስታልፍ ወደ ልጁ እየጠቆመች «አውልቂለት» ትለኛለች። እኔ የሰው ዓይን ፈርቼ ፊቱን እሸፍነዋለሁ። ነገሩ ገብቷት ይሆን፣ ራሷን ነቅንቃ ትሄዳለች። ለእኔም አንድ ቀን ውኃ አቀዝቅዛ በገንቦ አምጥታልኝ ነበር። ጠጣሁላት፤ ልጁን ግን አላሳየኋትም።

እዚያ ከገባን ሳምንት ሳይሞላ፣ ባለቤቴ ወደ ሥራው ከወጣ በኋላ ልጄ ጡት እንቢ አለ። ገላው እሳት ሆነ። ሲያለቅስ ቆይቶ ድምፁ ጠፋ። የባሕሩ ብርድ መታው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሩን ገጠምሁ፣ ባናውን ደርቤ ጠቀለልሁት። በራሱ ላይ ያደረግሁለት ቅቤ በግንባሩም በአንገቱም ይወርዳል። ዓይኑ ወደ ላይ ሲገለበጥ ጮኽሁ።

ጎረቤታችን በሩን ገፍታ ገባች። ምንም አልጠየቀችኝም። ልጁን ከእጄ ወስዳ ባናውን መሬት ጣለችው፤ በራሷ ደጃፍ ጥላ ውስጥ እርጥብ ሰሌን አንጥፋ እርቃኑን አስተኛችው። በውኃ ታብሰው፣ በዘንባባ ማራገቢያ ታራግብለት ጀመር። ውኃ አታድርጊበት ብዬ እጇን ያዝሁ። እጄን አስለቀቀችኝ፤ አልተቆጣችም።

ከዚያ አገጩን ቀና አድርጋ አንገቱን አሳየችኝ። ቅቤና ላብ የጠጣው ማተብ ጠብቆ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ዙሪያው ቆስሏል። እኔ እናቱ ጠዋት ማታ ስሸፍነው ይህን አላየሁም። ሄዳ መቀስ አመጣችና በእኔ በኩል እጀታውን አድርጋ ዘረጋችልኝ።

«ይኸ የናንተ ነው። እኔ አልነካም። አንቺ ቁረጪ።»

ቆረጥሁት። ክሩን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁ። መቀሱን ተቀበለችኝና ማራገቧን ቀጠለች። ጥቂት ቆይቶ ልጁ አለቀሰ፤ ጡቴንም ያዘ። ጠግቦ ሲተኛ መልሳ ሰሌኑ ላይ አጋደመችው። ያኔ እኔም ተቀምጬ አለቀስሁ።

ባለቤቴና የመርሐቤቴ ሰው ለምሳ ሲገቡ ያገኙን እንዲህ ነው። ልጁ በእስላም ደጃፍ ራቁቱን ተኝቷል፣ አንገቱ ባዶ ነው፣ መቀሱ በእሷ ጭን ላይ ነው። ባለቤቴ ማተቡ የት ሄደ አለ። ሲጠይቅ የሚያየው እኔን አልነበረም።

«የክርስቲያን ልጅ ማተብ ትበጥሻለሽ?» አላት።

በእኛ አገር ማተቡን የበጠሰ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ ይቆጠራል። የልጇን ማተብ በገዛ እጇ የቆረጠች እናትማ ምን ትባላለች? እናቴ ትሰማለች፣ ያጠመቁት ቄስ ይሰማሉ፣ ባለቤቴም ልጁን ነጥቆ ወደ አገሬ ይሰደኛል ብዬ ፈራሁ። «እኔ ነኝ» ለማለት አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። ክሩ በነጠላዬ ጫፍ እንደ ተቋጠረ ነው።

የመርሐቤቴ ሰው ባለቤቴን ክንዱን ይዞ፣ ልጁ ደኅና ነውና ተዋት አለው። እሷ እኔን አየችኝ። እስክናገር የጠበቀች ይመስለኛል። እንደማልናገር ሲገባት መቀሷን አንሥታ ወደ ቤቷ ገባች። አሮጊት እናቷ ከውስጥ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ እሷም በአጭሩ መለሰች። ቋንቋውን ስለማላውቅ ስለ እኔ ምን እንዳለች አላወቅሁም። ክፉ ብትልም ልክ ነበረች።

ባለቤቴ በዚያው ሳምንት ሌላ ሰፈር ቤት ተከራየ። ቄስ ለልጁ አዲስ ማተብ አሰሩለት። እስከ መስከረም ምጽዋ ቆየሁ፤ ማታ ማታ ባሕሩ ዳር ነፋስ እንቀበላለን፣ መርከብ ሲገባ እናያለን፣ ልጁም ወፍሮ ይስቃል። በሳቀ ቁጥር ዓይኔ አንገቱ ላይ ይሄዳል። ወደ እሷ ቤት የእግር መንገድ ነበር። አልሄድሁም። አንድ ቀን የመርሐቤቴ ሰው መንገድ ላይ እንዳገኛትና፣ ልጁ መጥባቱን ብቻ ጠይቃው እንዳለፈች ነገረኝ። ምነው ብትሰድበኝ ኖሮ አልሁ።

ለባለቤቴ የነገርሁት ሥራውን ትቶ ሞላሌ ከተመለሰ ከዓመታት በኋላ፣ አጥር እያጠርን ሳለ ነው። እሾሁን አስቀመጠ።

«ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ምን አደርግሽ ነበር?» አለኝ።

ያን ቀን ማታ ራቱን አልበላም። የንስሐ አባቴ ደግሞ ስግደት ሰጥተውኝ ሲያበቁ፣ «የእግዚአብሔሩን እኔ እነግርሻለሁ፤ የሴትዮዋን ይቅርታ ግን ከራሷ ነው የምታገኚው» አሉኝ። በሰው አስጠየቅሁ፤ ስሟን እንኳ ጠይቄአት አላውቅም ነበርና የሚያውቅ አልተገኘም። የመርሐቤቴውም ሰው ወዴት እንደ ገባ ጠፋኝ።

ልጄ ጎልምሷል። አንገቱ ላይ ጠባሳው በቀጭኑ አለ፤ ታሪኩንም ነግሬዋለሁ። ባናው ዛሬም አለኝ፤ ቅቤው የነካው ቦታ ታጥቦም አልለቀቀም።

ምጽዋ የኖረ ሰው ይህን ቢያነብ፣ ሰሌን የምትሠራ፣ አልጋ ላይ የዋለች እናቷን የምታስታምም፣ ነጭ ፍየል የነበረቻትን ያችን ሴት የሚያውቅ እንደሆነ፣ በሕይወት መኖሯንና የት እንዳለች ይላክልኝ።