ድመቷና የእትዬ ሩቅያ ምሳ ዕቃ

ትናንት ከሰዓት ሲ.ኤም.ሲ፣ ልጄ ቤት ተቀምጬ ስለ ኳንተም ኮምፒውተር ትምህርት ተሰጠኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ አስተምሬ በጡረታዬ ተማሪ ሆንኩ።

«አባዬ፣ የኛ ኮምፒውተር እንደ መብራት ማብሪያ ነው፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። ይሄኛው ግን እስኪለካ ድረስ ሁለቱንም ባንዴ ይይዛል» አለችኝ። «ችግሩ ቶሎ ይፈርሳል። ትንሽ ሙቀት ከነካው አለቀለት። ከበረዶ የባሰ ብርድ ውስጥ ነው የሚያኖሩት፤ እንደዚያም ሆኖ ዓይንህን እስክታርገበግብ አይቆይም።»

«እኔ ሁለቱንም ለዓመታት የያዘ ሰው አውቃለሁ» አልኳት።

አላመነችኝም። እናንተ ፍረዱ...

ጊዜው ደርግ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ፣ የካ፣ ቀበሌያችን በአንድ የተወረሰ ቪላ ውስጥ በየረቡዑ ውይይት ነበረው። መቅረት ክልክል ነው። መተኛት ይቻላል... ዓይን እስከተገለጠ ድረስ።

አንድ ረቡዕ የቀበሌው ካድሬ ጓድ ማሞ «መምህር፣ ዛሬ ሳይንስን ለሰፊው ሕዝብ ታብራራለህ» አለኝ። እኔም ነገር እንዳይመጣብኝ ብዬ ኤሌክትሮንን መረጥኩ። ከኤሌክትሮን ጋር የተጣላ መንግሥት እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

«ጓዶች፣ ኤሌክትሮን የምትባለው እጅግ ትንሽ ነገር፣ ካላያችኋት እዚህም እዚያም ናት። ያያችኋት ጊዜ ግን አንድ ቦታ ላይ ትገኛለች።»

የነቃ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ፈረንጆቹ የሚያወሯትን ድመት አመጣሁ።

«ድመቷ ሳጥን ውስጥ ትዘጋለች። አብሯት መርዝ አለ። መርዙ ይፍሰስ አይፍሰስ የሚወስነው አንድ አቶም ነው፤ አቶሙ ደግሞ እስኪታይ ድረስ ፈርሷልም፣ አልፈረሰምም። ስለዚህ ሳጥኑ እስኪከፈት ድረስ ድመቷ ሞታለችም፣ በሕይወት አለችም።»

ጓድ ማሞ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ድመቷ መሃል ሰፋሪ ናት ማለት ነው?»

«አይ ጓድ፣ ነገሩ...»

«አቋም ትያዝ! ወይ ትሙት፣ ወይ ትኑር!»

አዳራሹ ነቅቶ አጨበጨበ። ድመቷ በሌለችበት ተወገዘች።

ይሄኔ ከኋላ ወንበር እትዬ ሩቅያ እጃቸውን አወጡ። ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው ጋሽ ጀማል የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ የማያውቁትን መንገደኛ አሳፍረው ተገኙ ተብሎ ከታሰሩ ወራት አልፏል። እትዬ ሩቅያ በየቀኑ ምሳ ያደርሳሉ።

«መምህር፣ ሳጥኑን የሚከፍተው ማነው?»

«ማንም ሊሆን ይችላል፣ እትዬ ሩቅያ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ከኔ ጋር ና። የኔን አንተ ክፈትልኝ። እጄ እምቢ ብሎኛል።»

ያኔ ለእስረኛ ስንቅ የሚያቀብል ሁሉ ሕጉን ያውቃል። ምሳ ዕቃው ባዶ ከተመለሰ፣ ሰውየው በልቷል፤ አለ። እንደሞላ ከተመለሰ... የሚበላው የለም። ሌላ መግለጫ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አልነበረም።

ቅዳሜ ሄድን። ሐምሌ ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። የእስር ቤቱ በር ላይ ሴቶች ዘንቢላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ዘበኛው የእትዬ ሩቅያን ምሳ ዕቃ ተቀብሎ ገባ፤ ቆየ፤ መልሶ አምጥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው።

ላነሳው ስል ተውኩት። ማንሳትም መመዘን ነው፤ መመዘንም መለካት ነው። እዚያው እንደተቀመጠ ክዳኑን ከፈትኩ።

ባዶ! እንጀራው የለም፣ ምስር ወጡ የለም፣ ጠርዙ ሳይቀር ተጠርጓል።

«እትዬ ሩቅያ፣ ባዶ ነው! እንኳን ደስ ያለዎት!»

ሴቶቹ «አልሐምዱሊላህ!» «እመብርሃን ትመስገን!» እያሉ አቀፏቸው። እሳቸው ግን ወደ ምሳ ዕቃው አጎነበሱ።

«ቃሪያዋስ?»

«የቷ ቃሪያ?»

«እንጀራው ጥግ ያስቀመጥኳት።»

«ተበልታለቻ! ምንም አልቀረም እኮ ነው የምልዎት።»

«ጀማል ቃሪያ አይበላም» አሉ፣ ድምፃቸው ምንም ሳይለወጥ። «ከተጋባን ጀምሮ ነክቷት አያውቅም፤ ሆዱን ያመዋል። እኔ የማስቀምጣት እንዳይበላት ብዬ ነው። ብቻዋን ስትመለስ፣ ሌላውን የበላው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። እስካለፈው ሳምንት ትመለስ ነበር።»

ሴቶቹ እጃቸውን ከትከሻቸው ላይ ቀስ ብለው አነሱ።

ዘበኛውን አየሁት። በጣሳ ውሃ ይጠጣል። ሰው ውሃ ይጠጣል... ምንም ማለት አይደለም። መጻሕፍቴ ስለ መለኪያ መሣሪያ ብዙ ይላሉ፤ መሣሪያው ራሱ ሊርበው እንደሚችል ግን አንዱም አይልም።

በማግስቱ እትዬ ሩቅያ በደጄ ሲያልፉ ዘንቢሉ በእጃቸው ነው።

«ወዴት ነው እትዬ ሩቅያ?»

«ወዴት ይሆናል? ምሳ ላደርስ ነዋ።»

«ቃሪያዋንም... ጨመሩ?»

«ጨመርኩ።» ትንሽ ሄዱና ዞር አሉ። «ለምዶት ይሆናል፣ መምህር። እስር ቤት ስንቱን ያስለምዳል።»

ዘበኛው አንድ ቀን ምንም ሳይል ምሳ መቀበል ተወ። እትዬ ሩቅያ ከዚያም በኋላ ደርግ እስኪወድቅ፣ ከወደቀም በኋላ፣ ለቅሶ አልተቀመጡም። ሞተም አላሉም፤ አለም አላሉም። የጋሽ ጀማል ኮት ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነበር።

ልጄ ይህን ሰምታ «ግን እኮ አባዬ፣ ማሽኑ ሁለቱንም ለመያዝ ልዩ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል» አለች።

«የእንጦጦ ነፋስ አይበቃም?» አልኳት።