ቅቤ የጠጣው ጠመንጃ

ጠመንጃዬ ርካሽ ነው። ይህን ራሴ አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው እንደ ምስጢር ሹክ እንዳይላችሁ ብዬ ነው። ቱርክ አገር የተሠራ፣ የሰደፉ ቀለም ገና ከአሁኑ የሚላጥ፣ አዲስ አበባ ካለው ሻጭ መደርደሪያ ከታችኛው ረድፍ የተነሣ ከፊል አውቶማቲክ የአደን ሾትገን። ከፊል አውቶማቲክ ማለት አንዴ ከተኮሱ በኋላ ቀለሁን፣ የተተኮሰውን ጥይት ባዶ ቅርፊት፣ ራሱ አውጥቶ ይጥላል፣ ቀጣዩን ጥይትም ራሱ ያጎርሳል ማለት ነው። ሻጩ ያለኝ እንዲህ ነው። መቼ እንደሚያደርገው ግን አልነገረኝም።

ባሌ ሲሞት ሶዶ ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። መሬታችን ከቢጠና ከተማ ቁልቁል ቆላው ላይ ነው፤ ከእኛ ማሳ ቀጥሎ ያለው ጫካና ከርከሮ ብቻ ነው። እዚያ ሰፈር የቆየ ደንብ አለ። ለጫካው የቀረበው ማሳ ባለቤት ከኋላው ያሉትን ማሳዎች ሁሉ ከአውሬ ይጠብቃል። ጎረቤቶቹ በፋንታው በአረም ጊዜ ተሰብስበው የእሱን በቆሎ ያርሙለታል። ከርከሮ የሚገባው በዳር ነውና ዳሩ ከተያዘ ሁሉም ይተርፋል። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ዳሩን በጦርና በውሾች ሲጠብቅ ኖሯል።

ሐዘን ላይ እንደተቀመጥን የባሌ ታናሽ ወንድም ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ዳር የወንድ ሥራ ነው አለ። ልጆቼ ሴቶች ስለሆኑ ነገ ያገባሉ፣ መሬቱም ተከትሏቸው ከቤታችን ይወጣል አለ። እሱ ሊያርሰው፣ ለእኛም ከእህሉ ሊሰጠን አሰበ። ማሰቡ ብቻውን አልበቃውምና ተረት ጨመረበት፤

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ።»

እኔም አስተማሪ ነኝ፣ ተረት አይቸግረኝም።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አልኩት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ብዙ ከተመካከሩ በኋላ ፍርዳቸውን ሰጡ። የመጪውን በቆሎ፣ የእኔንም ከኋላዬ ያሉትንም፣ ከከርከሮ አድኜ ካስገባሁ ዳሩ የእኔ ነው። ካስበላሁ ግን መሬቱን የባሌ ወንድም ያርሰዋል። ያ መሬት ልጆቼ በዚህ ምድር ላይ ያላቸው ብቸኛ ነገር ነው። እሺ አልኩ።

ሴቶች ልጆቼን ሶዶ እህቴ ዘንድ አስቀምጬ፣ ሥራዬን ለቅቄ ቆላ ወረድኩ። የሥራ ባልደረቦቼ አብዳለች አሉ። መጀመሪያ የባሌን ጦር ሞከርኩ። ስወረውረው ከከርከሮው ይልቅ ውሾቹ ይሸሹት ነበር። ስለዚህ በሬ ሸጬ የጠመንጃ ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። ቢሮ ያገኘሁት ሰው መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

«ባል የለሽም?»

«ሞቷል።»

«ወንድምስ? የወንድ ዘመድ?»

«ከርከሮው ሲመጣ የወንድ ዘመድ አለሽ ወይ ብሎ አይጠይቀኝም» አልኩት።

ብዙ አመላለሰኝ፤ እኔም ብዙ ተመላለስኩ። በመጨረሻ የሰለቸው እሱ ነው። ፈቃዱ በስሜ ወጣ።

ጠመንጃውን ይዤ የገባሁ ዕለት ሻጩ እንዳሳየኝ ፈታትቼ ምንጣፍ ላይ ዘረጋሁት። የባሌ ወንድም ወሬውን ሰምቶ ከእናቱ፣ ከአማቴ ጋር መጣ። በር ላይ ቆሞ እቃውን አየና የልጅ መጫወቻ ነው አለ። አማቴ ግን ወጡና ከቤታቸው በቅል ለጋ ቅቤ ይዘው ተመለሱ። በእኛ ዘንድ ቅቤ ለከበረ ነገር ነው፤ ሙሽራ ትቀባለች፣ አዲስ የወለደች ላም ትቀባለች። አማቴ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ብረቱን አንድ በአንድ እያነሡ፣ ሕፃን እንደሚያሹ እያሹ ቀቡት። ሞላውን፣ ቀዳዳውን፣ ማቀባበያውን፣ የቀራቸው የለም። እየቀቡም «ጦሳይ አንጆ፣ ጦሳይ አንጆ» ይላሉ፤ እግዚአብሔር ይባርክ ማለታቸው ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ልጃቸው ፊት ነው፤ እሱ የናቀውን እሳቸው እያከበሩ። እንዴት ተዉ ልበላቸው? ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። አፈሙዙን ብቻ በጨርቅ ጠርጌ፣ ሌላውን እንደተቀባ ገጣጠምኩት።

በማግስቱ ግራሩ ላይ አሮጌ ጀሪካን ሰቅዬ ልሞክረው ወጣሁ። የሰፈሩ ወንዶች ሥራ የፈቱ ይመስል ሁሉም እዚያው ነበሩ። የመጀመሪያውን ተኮስኩ። ሰደፉ ትከሻዬን እንደ በቅሎ ረገጠኝ፤ ጀሪካኑ ግን ተበሳ። ሁለተኛውን ልተኩስ ምላጩን ስስብ ዝም አለ። ቀለሁ በግማሽ ወጥቶ በማቀባበያው ተነክሶ ቀርቷል። በጣቴ ነቅዬ ጣልኩት፣ እንደገና አጎረስኩ፣ ተኮስኩ፣ እንደገና ተነከሰ። የባሌ ወንድም ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ይህ ራሱ የሚያጎርሰው ነው ወይስ የሚጎርሰው?» አለ።

በቆሎው ያን ጊዜ ጉልበት ደርሷል። እሸት ሲይዝ ከርከሮው እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። በየቀኑ እየወጣሁ ተኮስኩ፣ በየቀኑም ቀለሁ እየተነከሰ እጄን አሳረረው። ትከሻዬ ጠቆረ፣ ክንዴን ማንሣት አቃተኝ። በመጨረሻ ሶዶ ወጥቼ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ዶክተር ነው። ትከሻዬን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ማን ነው የመታዎት?»

«ጠመንጃ» አልኩት።

ነገሩን ሳስረዳው ትከሻዬን ማየቱን ትቶ ወንበሩን ወደኔ ሳበ። አባቱ ክላሽ ነበራቸው፤ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲፈታና ሲገጥም ያደገ ነው።

«ክላሽም ይህም በጋዝ ነው የሚሠሩት» አለ። «ከጥይቱ የሚወጣው ጋዝ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ቀዳዳው ከተደፈነ አይገፋም። ምንድን ነው የቀቡት?»

«ቅቤ።»

«የምን ቅቤ?»

«የላም። ለጋ።»

ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ተናድጄ ልነሣ ስል ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ይቅርታውን ሲጠይቅም እየሳቀ ነው። ከዚያ የነገረኝ ጠቀመኝ። ቅቤውን በነጭ ጋዝ አጥቤ ማስለቀቅ፣ ቀጭን የማሽን ዘይት በስሱ መቀባት አለብኝ። ደግሞ ርካሽ ጠመንጃ አዲስ ሲሆን ሞላው ድርቅ ያለ ነው፤ የያዝኩት ደካማ የወፍ ጥይት አይገፋውም። እስኪላላ ድረስ ጠንካራውን ጥይት ማጠጣት ነው፤ አዲስ ጫማ እየተራመዱ እንደሚያላሉት። ለትከሻዬም ቅባት ሰጠኝና ሰደፉን አጥብቄ እንድይዝ መከረኝ። ላላ አድርጌ ስለምይዘው ነበር የሚረግጠኝ።

ቆላ ስመለስ ፈታትቼ አጠብኩት። ከጋዙ ቀዳዳ የወጣው ቅቤ በባሩድ ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ሆኗል። አማቴ ከጎኔ ተቀምጠው ያያሉ። ልዋሽላቸው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም።

«እናቴ፣ ውስጡ ቅቤ አይወድም» አልኳቸው።

የጠቆረውን ቅቤ በጣታቸው ነክተው አዩት። አስቀየምኳቸው ብዬ ፈራሁ።

«ታዲያ ምኑን ልቀባው?» አሉ።

ሰደፉን አቀበልኳቸው። እንጨቱን እስኪያብረቀርቅ ቀቡት፤ የሚላጠውም ቀለም ያን ቀን አማረበት።

ከዚያ በኋላ ጠንካራውን ጥይት እያጎረስኩ ጀሪካን ስበሳ ሰነበትኩ። መጀመሪያ ላይ አሁንም ይነክስ ነበር። ከዚያ አልፎ አልፎ ብቻ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያጎረስኩትን ሁሉ ሳይነክስ ተፋው፤ ቀለሁ በቀኜ በኩል እየተወነጨፈ ሣሩ ላይ ወደቀ። የዚያን ቀን ሊያይ የመጣ ወንድ አልነበረም። ብቻዬን ጮኬ ሳቅሁ።

በቆሎው እሸት በያዘ ሰሞን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ውሾቹ ዳሩ ላይ ተንጫጩ። ስደርስ ከርከሮዎቹ አጥሩን ጥሰው ሊገቡ ነበር፤ ከፊት ያለው ትልቁ ወንዱ ነው፣ ክራንቻው ከሩቅ ይታያል። ተኮስኩ። ሳትኩት። ሌሎቹ ዞረው ሲሮጡ እሱ አልዞረም። አንገቱን ደፍቶ ወደኔ መጣ። ጦር ቢሆን ኖሮ አንዴ ወርውሬ ባዶ እጄን በቀረሁ። ቀለሁ ሲወድቅ አልሰማሁትም፤ ነገር ግን ምላጩን ስስብ ሁለተኛው ጥይት እዚያ ነበር። ከርከሮው ተንበርክኮ ወደቀ፣ አፈሩም እግሬ ድረስ ተረጨ። እኔም እዚያው ቁጭ አልኩ። ፈርቼ ነበር፣ በጣም ፈርቼ ነበር፤ ያም ሆኖ ዳሩን አልለቀቅኩም።

ያን ዓመት በዳሩ በኩል የገባ አልነበረም። በቆሎው ተሸልቅቆ ጎተራ ሲገባ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ የኋለኞቹንም ማሳዎች ዞረው አዩ።

«ለዘንድሮ ዳሩን ጠብቀሻል» አለ አንደኛው።

«ለዘንድሮ አላላችሁም» አልኩ። «ዳሩ ያንቺ ነው ነበር ያላችሁት። እኔ ስደክም ደግሞ የልጆቼ ነው። ማንን ያገባሉ፣ የት ይኖራሉ የሚለው የከርከሮም የማንም ጉዳይ አይደለም።»

እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ ያሉት ጎረቤቶች ልክ ነች አሉ፤ ማሳቸው ተርፏላቸዋል። ሽማግሌዎቹም ቃላቸውን አጸኑ። የባሌ ወንድም ተነሥቶ ሄደ።

የእሱ የስኳር ድንች ማሳ ከወንዙ ማዶ ነው። ከርከሮዎቹ በእኛ በኩል ሲከለከሉ ወደዚያ ዞሩ። አንድ ማለዳ አጥሬ ጋ ቆሞ አገኘሁት። ዓይኖቹ ቀልተዋል፣ እግሮቹ እስከ ጉልበት ጭቃ ናቸው።

«ጠመንጃውን አውሺኝ» አለ።

«አላውስም። ፈቃዱ በስሜ ነው፤ ያለ እኔ የትም አይሄድም። ከፈለግህ እኔን ጥራኝ።»

መሬት መሬት እያየ ቆመ።

«በይ እንሂድ» አለ በመጨረሻ።

ከፊት እየመራኝ ወንዙን ተሻገርን። ማሳው ታርሶ የከረመ ይመስል ተገለባብጧል። ጫፉ ላይ ስንደርስ ከፊታችን ያለው ቁጥቋጦ ተነቃነቀ። እሱ ቆመ፣ ዞር ብሎ አየኝ፣ ከዚያም መንገድ ለቀቀልኝና ከኋላዬ ገባ።

አቀባበልኩ።