እትዬ አማረች የጣሉት ጓንት

ይህን ለባሌም ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ተናግሬ አላውቅም። ለማላውቅዎት ለእርስዎ ግን እናገራለሁ፤ ቢታዘቡኝም ፊትዎን አላይም።

ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ጓንት ከገበያ በጠፋበት ጊዜ ያገለገለው ታጥቦ፣ ተቀቅሎ ዳግም ይለበስ ነበር። የሚያጥቡት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ አማረች ናቸው። እያንዳንዱን ውሃ ይሞሉና ጣቶቹን ይጨምቃሉ፤ ጠብ ካለ ወደ ቆሻሻው ባልዲ ይጥሉታል። እኔ ደግሞ የሚጥሉት በዛብኝ። ይህ ሁሉ እንዴት ይቀደዳል? ደህናውን እየጣሉ በኋላ ወደ ቤታቸው ይወስዱት ይሆን? ሲወጡ ቦርሳቸውን በዓይኔ እፈትሽ ነበር። አንድም ቀን ምንም አላገኘሁም፤ ጥርጣሬዬ ግን ባሰብኝ።

አንድ ጠዋት ልይዛቸው ብዬ ከባልዲው አንድ ጓንት አነሳሁ። ነፋሁት፤ አልተነፈሰም። ወይም አልተነፈሰም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አገኘኋቸው አልኩ በልቤ። ደስ አለኝ፤ አዎ፣ ደስ አለኝ። ከሌሎቹ ጋር ቀቅዬ ለበስኩት።

ያን ሰሞን ጣቴ ላይ መግል የያዘ ቁስል ነበረኝ፤ ከሥራ እንዳያስቀሩኝ ደብቄዋለሁ። ሐይቅ ዳር ዓሣ የምትበልት አንዲት ሴት አውራ ጣቷን በቢላዋ ቆርጣ መጣች። ስሰፋላት ጣቴ ጓንቱ ውስጥ ረጠበ። ቀዳዳ እንዳለው አወቅሁ። ማቆም እችል ነበር፤ እኔ ግን አላቆምኩም። ካቆምኩ እትዬ አማረች ልክ ነበሩ ማለት አይደል?

የሴትየዋ አውራ ጣት አመረቀዘ፤ ከዳነ በኋላም አልታጠፍ ብሎ ቀረ። ቢላዋ መያዝ አቃታት፣ ሥራዋን ተወች። ዶክተሩ ሰብስቦ ሲጠይቀን ቀድሜ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ። «ጓንቱ ቀዳዳ ነበረው፤ የሚመረምሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው» አልኩ።

እትዬ አማረች አንዴ ብቻ ተናገሩ። «የጣልኩትን ማን አነሳው፣ ሲስተር?»

በዚያው ሳምንት ተባረሩ።

ባለፈው ወር መሃል ከተማ ባጃጅ ስጠብቅ አገኘኋቸው። ልሸሽ ስል ደረሱብኝ። ሳሙኝ፤ ከዚያ እጄን ይዘው ገልበጥ አድርገው አዩና «ጣትሽ ዳነልሽ?» አሉኝ።

ለካ ያኔም ያውቁ ነበር! ታዲያ ለምን አላጋለጡኝም? አዝነውልኝ? ወይስ ቀን እየጠበቁልኝ ነው? ይኸው፣ አሁንም እጠረጥራቸዋለሁ።

«ድኗል፣ እትዬ» ብዬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። እርስዎንም አልጠይቅዎትም፤ እጄ እጃቸው ውስጥ ሳለ ያልወጣኝን ቃል እዚህ ብጽፈው ምን ይጠቅማቸዋል?