በእፍኝ የተጨመረው ጤፍ

ቅዳሜ ቁይ ከተማ ገበያ ለቤት ጤፍ ልንሸምት ሄደን ነበር። አንዲት ሻጭ ለአንዲት አሮጊት ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ፣ ከጎኗ ካለው ሌላ ጆንያ እፍኝ ሙሉ ዘግና ጨመረችላቸው።

«ይያዙት እማማ፣ መርቄልዎት ነው።»

«ይሄ እኮ ከዚያኛው አይደለም።»

«ሊበሉት ነው እንጂ ሊድሩት ነው እንዴ?»

በዙሪያው ያሉት ሁሉ ሳቁ። አብራኝ የነበረችው እድላዊት ግን ፊቷ ልውጥ አለ።

እድላዊት ደብረ ማርቆስ ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ የምትኖር የኮሌጅ አስተማሪ ናት። ሥራዋን በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። በጤፍ ውስጥ ብዙ ሺህ ዘረመሎች አሉ፤ ተክሉ ውኃ ሲጠማው ከፊሎቹ አብረው ይነቃሉ። እሷ ጤፍ በሁለት መደብ ዘርታ፣ አንዱን ውኃ እያጠጣች ሌላውን እያስጠማች፣ አብረው የሚነቁትን ለይታ በአንድ ቡድን ሰበሰበች። ሌሎች ተመራማሪዎችም የራሳቸውን ውጤት እንዲመረምሩበት በኢንተርኔት በነጻ አጋራችው። ያንን የነገረችኝ ቀን ፈጣሪን አመስግኛለሁ፤ የተሰጣቸውን የማይሸሽጉ ልጆች አሉንና። ሐዋሳ የምትማር ወለላ የምትባል ልጅም የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በዚሁ ቡድን ነው፤ በሚመጣው ሳምንት ታቀርባለች።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጥግ ላይ ተጣብበን ተቀመጥን።

«ጋሼ፣ ለሙከራው ዘሩን የሰጡኝ የደብረ ኤልያሱ ገበሬ አቶ አወቀም እንዲሁ አድርገዋል። ልሄድ ስል ‹ጎዶሎ ይዘሽማ አትሄጂም› ብለው ቤት ገቡና በሁለት እጃቸው አምጥተው ከላይ ጨመሩልኝ።»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«ሌላ ዓይነት ጤፍ ከሆነስ? ከላይ ያለውን ውኃ በሚጠጣው መደብ ዘራሁት፣ የታችኛውን በተጠማው። ያየሁት ልዩነት እኮ የጥማት ሳይሆን የዘር ይሆናል!»

መስኮቱን ልትከፍት ታገለች፤ አልከፈት አላት።

«ለወለላ ብነግራት ከመመረቅ አስቀራታለሁ። ዝም ብል ሌሎችም እየወሰዱት ነው። ከኢንተርኔት ባነሳው እንኳ የወሰዱት ሰዎች ዘንድ ይቀራል።»

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ዛሬ ገበያ ያወጣሽ ለዚህ ይሆናል። አቶ አወቀን ጠይቂያቸው።»

«‹አዎ፣ ከሌላ ጆንያ ነው› ካሉኝስ? ከዚያ ወዲያ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።»

መናኸሪያ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወረደ። እሷ አልተነሣችም። ረዳቱ «እህት፣ እዚሁ ልታድሪ ነው?» ሲላት እንኳ አልሰማችውም።

«ጋሼ፣» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ነገ ከቅዳሴ መልስ ደብረ ኤልያስ አብረውኝ ይሂዱ። ከየትኛው ጆንያ እንደጨመሩልኝ እርስዎ ይጠይቁልኝ። ብቻ አደራ፣ ያጠፉ እንዳይመስላቸው።»